ቁርስ ነው የለካው

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ባለችው ኮንቴይነር ውስጥ ስልክ መጠገን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልለመድኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ስልኩ የዘገየበት ሰው ሁሉ በሽታውን ራሱ መርምሮ፣ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ መምጣቱ ነው። «ዶርቃዬ፣ ሞልቶብኛል፤ አጽጂልኝ» ይላል። እኔም አልከራከርም። የተላከለትን የመዝሙር ቪዲዮ፣ «እንደምን አደራችሁ» የሚለውን የአበባ ሥዕል፣ ከፍቶት የማያውቀውን ፋይል ሁሉ እደመስስለታለሁ። ስልኩ ለአንድ ሳምንት ቀለል ይለዋል፤ ሰውየውም መርቆኝ ይሄዳል። ከጊዜ ብዛት እኔም ሳልመረምር «ሞልቷል» ማለት ለምጄ ነበር። ይህን ልማድ ያስተወኝ ኮርሳ ጉርሜሳ ነው።

ኮርሳ ከእኔ ወረድ ብሎ ባለው የአምሐ እንጨት ሥራ ቤት አናጺ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ረጅም ነው፤ ትከሻው ላይ ሰጋቱራ አይጠፋም፤ ቀኝ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል። «ጆሮዬ የእርሳስ ማስቀመጫ ነው» ብሎ ጽፎ ያሳየኝ ራሱ ነው፤ ቀልዱ የእኔ እንዳይመስላችሁ። ኮርሳ አይሰማም።

የፉሪ ልጅ ነው። አባቱ ኦቦ ጉርሜሳ ዛሬ ፎቅ በተደረደረበት መሬት ላይ ስንዴና ምስር ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። አሁን ከግቢያቸው ጀርባ በተረፈችው ቁራሽ መሬት ጎመን ይተክላሉ፤ ሁለት የወተት ላሞችም አሏቸው። ኮርሳ በአምስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ታሞ ነፍሱ ተረፈች፤ መስማቱ ግን ቀረ። ድምፅ የሚያወጣው እናቱን ሲጠራ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በእጁ ነው የሚናገረው። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብቶ የምልክት ቋንቋውን፣ አማርኛ ማንበብና መጻፉን፣ ኋላም እንጨት ሥራውን ተማረ። አምሐ ዘንድ ከተቀጠረ አራት ዓመቱ ነው። በሰፈራችን «ደንቆሮው አናጺ» ብለው የሚጠሩት አሉ። እኔ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ስልኩን ሌላ ቦታ ያስጠግናል፤ ይህንንም ያውቃሉ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ኮርሳ መጣና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «ስልኬ ዘገየ። ቪዲዮ ሳወራ ይደርቃል። እስከ እሁድ መዳን አለበት» ይላል።

እኔም እንደ ልማዴ ወረቀቱን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ጉንጬን ነፋ አድርጌ፣ በእጄ የተነፋ ሆድ አሳየሁት። ሞልቷል ማለቴ ነው። ኮርሳ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ ጭንቅላት ሲነቀነቅብኝ እልህ ይይዘኛል። ስልኩን ከፍቼ ወደ ቪዲዮዎቹ ገባሁና ልደመስስ ጣቴን ስሰነዝር እጄን ያዘኝ። የአያያዙ ነገር አስደነገጠኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ስልኩን ወሰደና የማከማቻውን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። ከስልሳ አራት ጊጋባይት ውስጥ አርባ አንዱ ባዶ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ለቀባሪው አረዱት» ብዬ እመልሰው ነበር፤ ግን የተሳሳተችው ቀባሪዋ ናት። ኮርሳ ስልኩን የሚሞላበት ምን አለው? ዘፈን የለው፣ መዝሙር የለው፣ የድምፅ መልእክት የለው። ያሉት እጆች የሚታዩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። አንዲት ቀይ ዳማ ልጅ ከልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ በእጇ ትናገራለች። ለእሱ ደብዳቤ ማለት ይኸው ነው። የአንድ ዓመት ደብዳቤውን ላጠፋበት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እንዲያውም የፈሰሰውን አልለቅመውም ነበር። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም በእጁ ተይው አለኝ።

«እሁድ ምን አለ?» ብዬ ጻፍኩለት።

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጻፈ። አጭር አጭር ነው የሚጽፈው። «ናፍቆት። ጅማ ናት። እሷም አትሰማም። ላገባት እፈልጋለሁ። አባቷ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይጠይቁኛል። ስልኬ ከደረቀ አለቀ።»

ነገሩን በወረቀት ሲያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የናፍቆት አባት ጋሽ በንቲ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለልጃቸው ብለው የምልክት ቋንቋ ተምረዋል። ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት ሰውየውን ራሱን ላናግረው ብለው ከሁለት ወር በፊት ከኮርሳ ጋር በቪዲዮ ተገናኙ። አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ መልስ ስላልነበረው ጊዜ ሰጡት። ከሦስት ሳምንት በፊት ድጋሚ ሲደውሉ ኮርሳ ገና እጁን ሲያነሳ ምስሉ ደረቀ። ጋሽ በንቲ የቆመ እጅ እያዩ ጠበቁ፣ ጠበቁና «ሰውየው መልስ የለውም» ብለው ተነሡ። ናፍቆት አልቅሳ አንድ እሁድ አስጨመረች። ከዚህ በኋላ ሌላ እሁድ የለም።

ጥያቄው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ወረቀቱን ገለበጠው። የግል ነው ማለቱ ነው።

«የኔን ስልክ ላውስህ» ብዬ ጻፍኩ።

«በሰው ስልክ ሚስት አይጠየቅም» ብሎ መለሰልኝ። ከሥሩ ደግሞ ጨመረ፤ «ከእሁድ በኋላስ? በየቀኑ ነው የምናወራው።» እውነቱን ነው። ለሌላው ሰው ቪዲዮው ቢቀር ድምፁ ይበቃዋል። ለኮርሳና ለናፍቆት ምስሉ ሲደርቅ ምላሳቸው ነው የሚታሰረው።

ስልኩን ተረክቤ መመርመር ጀመርኩ። ሲነካ ይፈጃል፤ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይግላል። ጀርባውን ስከፍተው ባትሪው አብጧል። ባትሪ ሲደክም ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ብሎ ራሱን ያዘገያል፤ ይህ አንዱ ነው። ግን ባትሪውን ያደከመው ምንድን ነው? ከጀርባ የሚሠሩትን አፖች ዝርዝር ከፈትኩ። አንድ አፕ ከሁሉም በላይ ተሰልፏል። የስልኩን ማይክሮፎን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ ሲያዳምጥ ይውላል። የሰማውን ንግግር ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፤ የቀየረውንም ያስቀምጣል። ጽሑፉ ቦታ አይፈጅም፤ ስለዚህ ማከማቻው ባዶ ነው። ማዳመጡ ግን የስልኩን ጉልበት ሙልጭ አድርጎ ይበላል።

ማክሰኞ ኮርሳ ሲመጣ በወረቀት ላይ ሥዕል ሣልኩለት። አንድ ባዶ የዕቃ ክፍል፣ አንድ የአናጺ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ ሰውዬ። ከሥሩ ጻፍኩ፤ «የዕቃ ክፍልህ ባዶ ነው። ጠረጴዛህ ላይ ግን አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ተኝቶበታል። መላጊያህን የት ታሳርፋለህ?» ሥዕሉን አይቶ ሳቀ፤ ወዲያው ገባው። አፑን ዘጋሁትና ከስልኩ ወደ እኔ ስልክ ቪዲዮ ደወልኩ። እጁን አወዛወዘ፤ እጁ ሳይቆራረጥ መጣ። አንድ ደቂቃ ሙሉ የራሱን እጅ በእኔ ስልክ ላይ ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ስልኩን አነሣና አፑን መልሶ ከፈተው።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይጨምራል፤ ለማይሰማ ሰው ጮህኩበት። «ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ሚስት ነው የምትፈልገው ወይስ ሬዲዮ?» ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ኮርሳ አፌን እያየ ጠበቀኝና ስጨርስ ወረቀቱን ሳበ። በዚህ ጊዜ ረጅም ጻፈ።

ጥያቄውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ሰው ልጁን ከመስጠቱ በፊት ጎረቤት ይጠይቃል፤ ባሕርዩ እንዴት ነው፣ ሰው ምን ይለዋል ብሎ። ጋሽ በንቲ ጅማ ሆነው አዲስ አበባ ማንን ይጠይቁ? ስለዚህ ባለቤቱን ራሱን ጠየቁት። «በሌለህበት ሰው ስለ አንተ ምን ይላል?» ኮርሳ «እኔ አልሰማም» ብሎ መለሰ። እሳቸውም «እንግዲያው ፈልግና ንገረኝ። ፊትህ የሚሉህን ግን አልፈልግም፤ ፊት ለፊት ሁሉም ጎበዝ ነው» አሉት።

ኮርሳ ይህን ቃል በቃል ወሰደው። አፑን ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ስልክ ቀዳ። ጠዋት ይከፍተዋል፤ በር ለመግጠም ወይም ሳንቃ ለመምረጥ ሲወጣ ስልኩን ሥራ ቤቱ ውስጥ ከኮላ ቆርቆሮዎቹ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ትቶት ይሄዳል። አሠሪው አምሐና ቫርኒሽ ቀቢው አብዶ እሱ በሌለበት የሚሉትን ስልኩ እንዲሰማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን አድርጓል።

«ጆሮ ጠቢ!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

አነበበና ፊቱ ቀላ። ግን አልተቆጣም። «ጆሮ የለኝም። ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት።

አፑን ከፍቶ መፈለጊያው ላይ ስሙን ጻፈ፤ ኮርሳ። ውጤቱ ዜሮ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ አልተነሣም። እርሳሱን አነሣና ጻፈ፤ «ሲያወሩ ይውላሉ። ስለ ቁርስ ነው የሚያወሩት። ስለ እኔ ምንም አይሉም። እሁድ ለአባቷ ይህን ነው የምነግራቸው። ውሸት አልነግራቸውም። ግን እስከ እሁድ አንድ ቃል ይሉ ይሆናል። ስለዚህ አትዝጊው።»

አንጀቴን በላው። ክፉ ቢሉት እንኳ ይሻል ነበር። አራት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ፣ በሌለበት ስሙን የሚያነሣ ሰው ያጣ ሰው ልጅ ስጡኝ ሲል ታየኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብዬ ጻፍኩለት፤ «እኔም በሌለሁበት የሚሉኝን ሰምቼ አላውቅም» ብዬ ላጽናናው ሞከርኩ። ያጽናናው አይመስለኝም።

ለማንኛውም ብዬ ጽሑፉን ማየት ጀመርኩ። አብዛኛው ዝባዝንኬ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ሲጮህ አፑ ንግግር መስሎት «እሺ እሺ እሺ ዝናብ እሺ እሺ» እያለ ገጽ ሞልቷል። የመንገዱ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» ሲል ገብቷል። በመሀል ግን የአምሐና የአብዶ ንግግር አለ። እኔ ደግሞ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። እናቴ ማንበብ ስለማትችል መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብላት ነው ያደግኩት፤ ልማዱ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ጮክ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ይሄን ፍሬም ማን ለካው»
«ቁርስ ነው የለካው»
«እንግዲያው አትለካው በቃ ቁረጥ»

ቆም አልኩ። ቁርስ ምን ይለካል? መልሼ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ጆሮዬ ከዓይኔ ቀድሞ ያዘው። ቁርስ ነው የለካው። ኮርሳ ነው የለካው! እሱ የለካውን ደግሞ መለካት አያስፈልግም መባባላቸው ነው። አፑ አማርኛ እንጂ የፉሪን ልጆች ስም አያውቅም። ኮርሳ የሚል ስም ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ኮርሳ በተባለ ቁጥር የሚያውቀውን ቃል እየጻፈ ነው የኖረው።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። መፈለጊያው ላይ «ቁርስ» ብዬ ጻፍኩ። ስልሳ ሦስት ውጤት መጣ።

አሁን ችግሩ ለኮርሳ ማስረዳት ነው። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጽፌ ጣቴን ከአንዱ ወደ ሌላው ወሰድኩ። ራሱን ነቀነቀ። «ፊደሉ ሌላ ነው» ብሎ ጻፈ። ለእሱ እውነት ነው፤ ኮ እና ቁ በዓይን የሚቀራረቡት ነገር የለም። የሚቀራረቡት በጆሮ ነው። የሁለት ወር ጽሑፍ ደጋግሞ ያነበበ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የሚያነብለት አፍ ብቻ ነበር ያጣው።

አፌን እንዲያይ አመለከትኩት። «ኮርሳ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ቁርስ» አልኩ። እንደገና በይ አለኝ በእጁ። «ኮርሳ። ቁርስ።» ከንፈሬን እያየ የራሱን ከንፈር አንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ። ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

ስልሳ ሦስቱንም በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበበ። ደንበኞች መጡ፤ ነገ ኑ እያልኩ መለስኳቸው። አንዳንዱን እየጠቆመ ያሳየኝ ነበር። «አይጨነቁ እትዬ ቁርስን ነው የምልክልዎት» ይላል አንዱ፤ አምሐ ለደንበኛ ስልክ ሲያወራ መሆን አለበት። «ቁርስ ሳይመጣ ያንን ሳንቃ እንዳትነካው» ይላል ሌላው። «ቁርስ ግትር ነው ካልገባው አይሠራም ከገባው አይሳሳትም።» «ቁርስን አታናድደው መላጊያ ይወረውራል።» ይህን ሲያነብ ሁለት ጣቱን አሳየኝ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የወረወርኩት ማለቱ ነው። «ትናንት ቁርስ ለእናቱ ጎመን ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት ደስ የሚል ልጅ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን መሳቁን ተወ። ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን ይደበቃል?

ሲረጋጋ ስልኩን ወስዶ አፑን ራሱ ዘጋው። ቀጥሎ ለዘለቄታው አጠፋው፤ ስልሳ ሦስቱን መስመሮች ግን አስቀድሞ በወረቀት ገልብጧል። እኔም የቀረውን ሠራሁ። ያበጠውን ባትሪ በደህና ቀየርኩ። ስልኩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን አላስፈላጊ አፖች አስቆምኩ። ዓመት ሙሉ የተዘለለውን ማሻሻያ ጫንኩለት። ከቪዲዮ ደብዳቤዎቹ አንድም አልነካሁም። ስልኩ መጋሉን ተወ፤ ሲነካም ወዲያው ይመልሳል።

«አሁን አምሐንና አብዶን ይቅርታ ጠይቅ» ብዬ ጻፍኩለት። «ተደብቆ ሰው ማዳመጥ ነውር ነው፤ ሙገሳም ቢሆን።» ኮርሳ እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቱን ደፋ። ረቡዕ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ነገራቸው። አምሐ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር፤ ስለ ደንበኞቹ የሚናገረውም ተቀድቷል ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል። አብዶ ግን የቫርኒሽ ብሩሹን ጥሎ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ሐሙስ ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ «ዶርቃ፣ ስለ አምሐ ምን እንዳልኩ አልጻፈም አይደል?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቤቱ ውስጥ ኮርሳን ቁርስ ነው የሚሉት። ከንፈራቸውን እያየ ይስቃል።

እሁድ ኮንቴይነሬን አልከፍትም። ያን ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ምሳዬን በላሁና በስምንት ሰዓት ተኩል ከፈትኩ። ስልኩ ነገር ካመጣ አጠገቤ ሁኚ ብሎኝ ነበር። ኮርሳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ጆሮው ላይ ግን እርሳሱ እንደተሰካ ነው፤ የረሳው አይመስለኝም። ብርሃኑ እንዲመታው በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስልኩን ከመበየጃ ማስቀመጫዬ ጋር አስደግፌ አቆምኩለት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሻሻል። እኔም በሆዴ እጸልይ ነበር፤ ለስልክ ጸልዬ አላውቅም።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ተደወለ። ጋሽ በንቲ ሹራብ የለበሱ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ናፍቆትና እናቷ ተቀምጠዋል። መምህር ስለነበሩ ነው መሰለኝ፣ እጃቸው ሲናገር አፋቸውም አብሮ ይናገራል። ስለዚህ የእሳቸውን ሁሉ ሰማሁ። የምልክት ቋንቋ ላይ አንቱታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፤ ኮርሳ ግን ሰላም ሲላቸው ከወገቡ ጎንበስ ሲል አይቻለሁ።

«የጠየቅኩህን አገኘህ?» አሉት። «በሌለህበት ሰው ምን ይላል?»

ኮርሳ እጁን አነሣ። እኔ ዓይኔን ከስልኩ ላይ አልነቀልኩም። አልደረቀም። እጆቹ ሄዱ፣ መጡ፣ ወረዱ፣ ምስሉ አንድም ጊዜ አልቆመም። ጋሽ በንቲ የሚያዩትን ለባለቤታቸው እየተረጎሙ በቃል ይደግሙ ነበር። «ስልክ ትቼ እሄድ ነበር... እንዲሰማልኝ... ጥፋት ነው፣ ይቅርታ ጠይቄአለሁ... ስሜን ቁርስ ብሎ...» እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን? ቁርስ?» ኮርሳ እንደገና አስረዳ። ሲገባቸው እንደዚያ ይስቃሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ናፍቆት ከኋላቸው ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።

ኮርሳ ግን አልጨረሰም። ወረቀቱን አውጥቶ እያየ በተራ ነገራቸው፤ ግትር ነው ያሉትን፣ መላጊያ ይወረውራል ያሉትን፣ ስለ ጎመኑ ያሉትን። መጨረሻ ላይ ይሄን ማን ለካው፣ ቁርስ ነው የለካው፣ እንግዲያው አትለካው የተባባሉትን ነገራቸው።

ጋሽ በንቲ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «መላጊያ መወርወርህን ለምን ነገርከኝ?» ብለው ጠየቁት። ኮርሳ በአንድ አጭር ምልክት መለሰ። «ስላሉ» ብለው ለባለቤታቸው ተረጎሙላቸው። «ስላሉ ነው የነገርኩዎት አለ።»

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው አዙረው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ። ባለቤታቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ወደ ስልኩ ዞረው እጃቸውን አነሡ። «ሽማግሌዎችህን ከፍልሰታ በኋላ ላካቸው» አሉት። «ጠዋት ይምጡ። ቁርስ እኛ ጋ ነው።»

ኮርሳ እንደ ደረቀ ምስል ሆኖ ቀረ። በዚህ ጊዜ የደረቀው እሱ ነው እንጂ ስልኩ አይደለም። ቀጥሎ ናፍቆት ስልኩን ከአባቷ ነጠቀችና ሁለቱ በእጃቸው የሚሉትን እኔ አላውቅም፤ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ታክሲዎቹን ማየት ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ።

ሲጨርሱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ፊቱ ላይ ደስታም ጭንቀትም አለ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ በአገጩ ጠየቀኝ። ጋሽ በንቲ እጃቸውን አውርደው ለባለቤታቸው ምን አሉ ማለቱ ነው። ፊታቸው ዞሮ ስለነበር ከንፈራቸውን አላየም።

ወረቀት ስፈልግ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ሰጠኝ። ስሙን በኮ ጀምሬ፣ በሳ ጨርሼ፣ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩለት።

«ኮርሳን እኛም አንለካው።»